ይታጠብ ወይስ ይቀየር? የድሮ መኪና ኢንጀክተር ላስቸገረው የድሬ ሰው

ድሬዳዋ ውስጥ የድሮ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ደንገጎን ያውቀዋል። ዳገቱ የመኪናን ገመና ያወጣል። ከከዚራ ሳቢያን ሲመላለስ ደህና የነበረ ኮሮላ ደንገጎ ላይ ማቃሰት ይጀምራል። ከኋላ ያለው አይሱዙ ጡሩምባውን ይነፋል። ሐረር ሲደረስ ጋራዥ ይገባል። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ ያዳምጥና «ኢንጀክተሩ ነው» ይላል።

ኢንጀክተር ማለት ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ቤንዚን የሚረጨው ዕቃ ነው። የመካኒኩ ቃል አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሳይመረመር የተነገረ ግምት ነው።

እኔ ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። ባለ 5ኤ ሞተር ኮሮላ አለኝ። ጠዋት ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ዳገት ላይ ደግሞ ጉልበት አጣ። ኢንጀክተር ነው ተባልኩና አራት አዲስ ኮፒ ገዝቼ አስቀየርኩ። መንቀጥቀጡ አልጠፋም። ይባስ ብሎ ቤንዚን መብላት ጀመረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ መካኒክ አንዱ የካንዴላ ገመድ ተሰንጥቆ እሳት እያፈሰሰ መሆኑን አገኘው። ገመዶቹ ተቀየሩ። የድሮዎቹ ኢንጀክተሮች በፌስታል ተቀምጠው ስለነበር አሳጠብኳቸውና መለስኳቸው። መኪናው እስካሁን በነሱ ነው የሚሄደው። ያወጣሁት ገንዘብ እስካሁን ይቆጨኛል። ሌላ ሰው እንዳይደገምበት ነው ይህን የምጽፈው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለይ። ይህ ጽሑፍ ኢንጀክተር ላለው የቤንዚን መኪና ነው። ሐረር ውስጥ የምታዩዋቸው የድሮ ፔጆ 404 ታክሲዎች በአብዛኛው ካርቡራተር ናቸው። ዲኤክስ ኮሮላም እንደዚያው ነው። የነሱ ችግር ሌላ፣ መፍትሔውም ሌላ ነው። ስለ ናፍጣ ወደ መጨረሻው ትንሽ እላለሁ።

ከመግዛት በፊት፦ ጥፋተኛው እሱ ነው?

መጀመሪያ ዳገቱን ራሱን እንመርምር። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ነች። ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ሐሮማያ አካባቢ 2,000 ሜትር ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ መኪናም ከድሬ ወጥቶ ሐሮማያ ሲደርስ 8 በመቶ ያህል ጉልበት ጎድሎት ነው። «ድሬ ላይ ደህና ነው፣ ደንገጎ ላይ ይደክማል» ማለት ብቻውን የኢንጀክተር ማስረጃ አይሆንም። ሜዳ ላይም፣ ሚኒሞ ላይም፣ ጠዋት ሲነሳም ምልክት ካሳየ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

መኪናውን ጋራዥ የምትወስዱት በጠዋት ይሁን፤ ሌሊቱን ጋራዡ ውስጥ ቢያድር ደግሞ የተሻለ ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ብቻ የሚታይ ጥፋት አለ። መካኒኩ ሲያስነሳው ራሱ ሊሰማው ይገባል። ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት፣ በበርጫ ሰዓት የተጀመረ ምርመራ ደግሞ ለነገ ማደሩ አይቀርም።

መካኒኩ እንዲያደርገው የምትጠይቁት የመጀመሪያ ነገር ቀላል ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ ይንቀል። ጤነኛው ሲሊንደር ላይ ሲነቀል ሞተሩ ወዲያው ይንገዳገዳል። ነቅሎት ምንም ለውጥ ከሌለ ያ ሲሊንደር አስቀድሞም አይሠራም ነበር ማለት ነው። መኪናው በሦስት ነው የሚሄደው። የካንዴላ ገመድ እየነቀሉ ከመሞከር ይህ ይሻላል። እጅ ኤሌክትሪክ አይነካውም፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንም ወደ ማርሚታ አይሄድም።

የማይሠራው ሲሊንደር ታወቀ እንበል። አሁንም ኢንጀክተር አትግዙ። ሲሊንደር ለመሥራት እሳት፣ ቤንዚንና ኮምፕሬሽን (የታመቀ አየር) ያስፈልገዋል። ካንዴላውንና ገመዱን ከጎረቤቱ ሲሊንደር ጋር አለዋውጡ። ጥፋቱ አብሮ ከሄደ ነገሩ በካንዴላ ዋጋ አለቀ። ካልሄደ ኮምፕሬሽን ይለካ። ቫልቭ የተቃጠለበት ሲሊንደር ላይ የወርቅ ኢንጀክተር ቢገጠም አይሠራም።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ያን ጊዜ ተራው የኢንጀክተሩ ነው። ረጅም ካቻቪቴ አካሉ ላይ አስደግፋችሁ እጀታውን ጆሮ አጠገብ ብታደርጉ ሲሠራ ጥርት ያለ ቲክ ቲክ ይሰማል። ዝም ካለ ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፣ ወይ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ተቃጥሏል፣ ወይ መርፌው ተጣብቋል። ሶኬቱን ነቅላችሁ በቴስተር ለኩ። አብዛኞቹ የድሮ የቤንዚን መኪኖች ኢንጀክተር ከ12 እስከ 16 ኦም ያሳያል፤ ብዙ ቶዮታዎች 13 እና 14 አካባቢ ናቸው። ከ2 እስከ 3 ኦም ብቻ ያላቸው ሌላ ዓይነት ኢንጀክተሮችም ስላሉ ቁጥሩን ከሌሎቹ ሦስት ጋር አስተያዩት። ሦስቱ 14 ብለው አንዱ ጭራሽ ካላነበበ ነገሩ ግልጽ ነው። ያ ኢንጀክተር ሞቷል፣ እጥበት አያድነውም።

ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማ፣ ኦሙም ልክ ሆኖ የሚያስቸግር ደግሞ ተዘግቷል ወይም ያፈሳል። እዚህ ላይ የቤንዚን ግፊት መለኪያ ያስፈልጋል። በብዙ የድሮ ቶዮታዎች የግፊት መቆጣጠሪያው የቫኪዩም ቱቦ ተነቅሎ ግፊቱ ከ2.7 እስከ 3.1 ባር መሆን አለበት። ካነሰ ፖምፓውን ወይም ፊልትሮውን እንጂ ኢንጀክተሩን አትክሰሱ። አራቱም ሲሊንደር እኩል ከደከመም ጥርጣሬው ወደዚያው ነው፤ አራት ኢንጀክተር በአንድ ቀን አይሞትም። ሞተሩ ጠፍቶ ለ5 ደቂቃ ግፊቱ ከ1.5 ባር በላይ ከቆየ ጥሩ ነው። ቶሎ ከወረደ የሚያፈስ ኢንጀክተር ሊሆን ይችላል፤ ወይም ፖምፓው ውስጥ ያለው ቫልቭ ነው።

አንድ የማይረሳ ነገር። የግፊት መቆጣጠሪያው ላይ ያለችውን ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ነቅላችሁ አሽቱ። ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከረጠበ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ተቀዷል። ይህ መኪናውን ልክ እንደሚያፈስ ኢንጀክተር ቤንዚን ያስበላዋል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ቱቦ ነቅሎ ማሽተት ምንም አያስከፍልም።

ቼክ ኢንጂን የበራባቸው ደግሞ ኮዱን ያስነብቡ። ከ1996 በፊት የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ዘመናዊ ማሽን አያነባቸውም። ኮፈን ስር ባለችው የምርመራ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ መብራቱ ስንቴ ብልጭ እንደሚል መቁጠር ይቻላል። 25 ቤንዚን አንሷል፣ 26 ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ሁለቱም «ኢንጀክተር ተበላሽቷል» አይሉም። የተቀደደ የአየር ቱቦም 25ን ያመጣል።

ለምን እዚህ ቶሎ ይዘጋሉ?

የድሬ ሙቀት ለኢንጀክተር ደግ አይደለም። ቆሻሻው በብዛት የሚጋገረው መኪናው ሲሄድ ሳይሆን ከጠፋ በኋላ ነው። ሞተሩ ሲቆም የሚያቀዘቅዘው ነገር ስለሌለ ሙቀቱ ወደ ኢንጀክተሩ ጫፍ ይወጣል። ጫፉ ላይ የቀረችው ጠብታ ቤንዚን ትደርቅና ሙጫ ትሆናለች። ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ አሸዋ፣ በየአምስት ደቂቃው እያጠፉ እያስነሱ የሚውል መኪና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጋገር አስቡት። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ከዚህ የተሻለ ዕድል አለው።

ሌላው ቤንዚኑ ነው። ማደያ ሰልፍ ሲበዛ በሃይላንድና በጄሪካን የሚሸጠውን የሚቀዳ አለ። ውስጡ ውኃ ይኑር ጋዝ ይኑር ማን ያውቃል። ሲቸግር የግድ ይሆናል፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ግን ከዚያ በኋላ ፊልትሮ መቀየር አይረሳ።

አሁን ወደ ምርጫው

ጥፋቱ ኢንጀክተር መሆኑ ተረጋግጧል እንበል። ከፊታችሁ አምስት መንገድ አለ። እኩል አይደሉም፣ እኩልም አልጽፍባቸውም። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ብር አልጠቅስም፤ የትኛው ገንዘብ እንደሚያባክን ግን እናገራለሁ።

ታንከር ውስጥ የሚጨመረው ማጽጃ ከሁሉ ርካሹ ነው። ፒኢኤ የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት ከሆነ ቀለል ያለ ቆሻሻን በእርግጥ ያነሳል። መኪናው በትንሹ ብቻ ከተንቀጠቀጠ አንድ ጊዜ ሞክሩት። የሞተ ጥቅል ግን አያስነሳም፣ የሚያፈስም አይደፍንም። የድሮ ታንከር ውስጥ የተኛውን ዝቃጭም ሊያነሳው ስለሚችል ያን ታንክ እንደጨረሳችሁ ፊልትሮውን ቀይሩ። ሁለተኛና ሦስተኛ ጠርሙስ የሚሸጥላችሁን አትስሙ።

በማሽን ማሳጠብ፣ በእኔ እምነት፣ ለአብዛኛው የድሮ መኪና የመጀመሪያው ምርጫ መሆን አለበት። ምክንያቱን ላስረዳ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ነው።

የመኪናው ኮምፒዩተር አራቱንም ኢንጀክተሮች እኩል ጊዜ ነው የሚከፍታቸው። እያንዳንዱ ምን ያህል እንዳፈሰሰ አያይም። ባለ አራት ሲሊንደር መኪና ላይ ከአራቱ የተሰበሰበውን ጭስ የሚያነበው በአብዛኛው አንድ የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ የሚያየው አማካዩን ነው። አንዱ ኢንጀክተር ቢያበዛና ሌላው ቢያሳንስ አማካዩ ልክ ይመስላል። ኮምፒዩተሩ ሁሉ ሰላም ነው ይላል፤ ሞተሩ ግን ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ኢንጀክተር አዲስ መሆኑ ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። ዋናው ነገር አራቱ እርስ በርስ እኩል መሆናቸው ነው። ከፋብሪካ አብረው የወጡ አራት ኦርጅናሎች ከታጠቡ በኋላ ከማይታወቅ አዲስ ይልቅ እኩል የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ትክክለኛ እጥበት ማለት ምን እንደሆነ ግን እወቁ። ኢንጀክተሮቹ ከመኪናው ይወጣሉ። መጀመሪያ ማሽኑ ላይ በመስታወት ቱቦዎች ይለካሉ። ከዚያ በድምፅ ሞገድ የሚያጥበው ገንዳ ውስጥ ይገባሉ። እንደገና ይለካሉ። አናታቸው ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊትና ጎሚኒዎቹ በአዲስ ይቀየራሉ። ቆማችሁ እዩ። ከመታጠቡ በፊትና በኋላ የቱቦዎቹን ፎቶ በስልካችሁ አንሱ። በመጨረሻው ልኬት በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ያ ኢንጀክተር አልዳነም። ማሽኑ ግፊት ይዞ ሳይረጭ ሲቆም ጫፉ ላይ ጠብታ እየተንጠለጠለ ከወደቀም እንዲሁ። ርጭቱ እንደ ጭጋግ ይበተን፤ እንደ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ከወረደ መጥፎ ነው።

አንዳንድ ቦታ የሚደረገውን እጥበት ግን አትቀበሉ። ኢንጀክተሩን ከመኪና ባትሪ ጋር በሽቦ አገናኝቶ ማጽጃ እየነፉ መክፈት የተለመደ ነው። ከሽቦው ብልጭታ ይወጣል፣ አጠገቡ የቤንዚን ተን አለ። በዚህ ሙቀት ተኑ እጥፍ ነው። ሰው ሊቃጠል ይችላል። እሳቱ ባይነሳ እንኳ ጥቅሉ ይግላል፣ እኩል ይሁኑ አይሁኑም የሚለካ የለም። ቲነር ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደርም ጎሚኒውን ይበላዋል።

ያገለገለ ኦርጅናል ሁለተኛው ምርጫዬ ነው፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ማሽን ላይ ተለክቶ ከሆነ ነው። ከተፈታ ሞተር የወጣ ኢንጀክተር ስንት ዓመት ደርቆ እንደተቀመጠ አይታወቅም። ሻጩ «ሞክረነዋል» ቢል በአፍ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አካሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከእናንተው ጋር አስተያዩ። የቶዮታ ኢንጀክተር የዕቃ ቁጥር በ23250 ወይም በ23209 ይጀምራል፤ ወሳኙ ከዚያ የሚከተለው አምስት አኃዝ ነው። የአውሮፓ መኪና ላይ ያሉት የቦሽ ኢንጀክተሮች ብዙዎቹ በ0280 ይጀምራሉ። ሶኬቱ ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም። ቅርፁ አንድ ሆኖ የሚያፈሰው መጠን የተለያየ ብዙ ነው።

አዲስ ኮፒ የሚስበው በዋጋውና በማሸጊያው ነው። አዲስ ነገር ማየት ደስ ይላል፤ ይገባኛል። ግን ከላይ ስለ እኩልነት ያልኩትን አስታውሱ። አራት ኮፒ ተገዝቶ አራቱ አራት ዓይነት ሲያፈስሱ መኪናው ከበፊቱ ይከፋል። የእኔን ኮሮላ ቤንዚን ያስበላው ይህ ነው፤ በኋላ ማሽን ላይ ስናያቸው አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ይበልጥ ነበር። ሌላ አማራጭ ካጣችሁ ግዙት፤ ግን ሳይገጠም በፊት አስለኩት። የመለኪያው ክፍያ ደግመው ከማስፈታት ይረክሳል።

አዲስ ኦርጅናል የሚያዋጣው ሞተሩ ራሱ ጤነኛ ሲሆንና መኪናውን ገና ለዓመታት ልትይዙት ስታስቡ ነው። ዘይት የሚበላ፣ ኮምፕሬሽኑ የወረደ ሞተር ላይ አራት አዲስ ኦርጅናል መግጠም ለሞተሩ የሚሆነውን ገንዘብ መጨረስ ነው። ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ኦርጅናል የሚል ካርቶን ውስጥ ፎርጅድ ይሸጣል። ካርቶኑን ትታችሁ አካሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ እዩ። በቀለም የታተመና በጥፍር የሚለቅ ከሆነ መልሱት።

አንድ ወይስ አራቱም?

ብዙ ሰው «አንዱ ከሄደ አራቱንም ቀይር» ይባላል። አልስማማም። አንዱ ጥቅሉ ተቃጥሎ ሦስቱ ታጥበው ልኬታቸው እኩል ከመጣ፣ ቁጥሩ አንድ የሆነ፣ የተለካ ያገለገለ አንድ ጨምሩና ጨርሱ። አራቱን መቀየር የሚገባው ከእጥበት በኋላም ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተስተካከሉ ነው።

እዚሁ ወይስ አዲስ አበባ?

ድሬ ውስጥ መለኪያ ያለው ማጠቢያ ማሽን የያዘ ጋራዥ ካገኛችሁ እዚሁ ጨርሱ። ለዕቃ ደግሞ መጀመሪያ ታይዋን አካባቢና መጋላ ያሉ የመለዋወጫ ሱቆችን ዙሩ። የምትፈልጉት ቁጥር ከሌለ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል፤ የምታምኑትን ሰው ከላካችሁ። የምመክረው ግን አዲስ ከማስላክ በፊት የራሳችሁን አራት ኢንጀክተሮች መላክን ነው። እያንዳንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልሉ፣ ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ ቁጥር ለጥፉ፣ ጫፋቸውን ሸፍኑ፣ በአውቶቡስ ይሂዱ። መኪናው ለጥቂት ቀን ይቆማል። ባጃጅ ድሬ ውስጥ አይጠፋም። መኪናው በቆመበት የኢንጀክተሮቹን ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ዝጉ፤ የእኛ አቧራ ክፍት ቀዳዳ አይምርም።

የናፍጣ ባለቤቶች

የድሮ ሃይሉክስ ባለ 2ኤል ወይም 3ኤል፣ ወይም ባለ 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ በአብዛኛው ሙሉ ኢንጀክተር አይቀየርም። ጫፉ፣ ኖዝሉ ብቻ ይቀየርና የሚከፈትበት ግፊት በሺም (በስስ ቀለበት) ይስተካከላል። ከ100 ባር በላይ ስለሆነ የፖምፓና የኖዝል ባለሙያ ጋ ካልሆነ በግምት አይሠራም። ዲ4ዲ የሚባሉት ኮመንሬል ሞተሮች ደግሞ ከ1,000 ባር በላይ ነው የሚሠሩት፤ በብዙዎቹ ላይ አዲስ ኢንጀክተር ሲገባ ኮዱ ኮምፒዩተሩ ላይ መጻፍ አለበት። ለነሱ ካገለገለ ይልቅ የታደሰና የሙከራ ወረቀት ያለው ይሻላል። የናፍጣ ኖዝል ሲረጭ ደግሞ እጃችሁን ፊቱ አታቅርቡ። ርጭቱ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ መስሎ ጣት ሊያስቆርጥ ይችላል።

ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ

ምርጫችሁ የትኛውም ይሁን፣ ጥሩ ኢንጀክተር በመጥፎ አገጣጠም ይበላሻል። ከመፈታቱ በፊት የቤንዚኑ ግፊት ይልቀቅ። የፖምፓው ፊውዝ ወይም ሶኬት ተነቅሎ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። ከዚያ የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀል። ሞተሩ በርዶ ይሁን፣ አጠገቡ ሲጋራ አይጨስ። ጎሚኒዎቹ ሁሉ አዲስ ይሁኑ። ድሬ ሙቀት ላይ ዓመታት የቆየ ጎሚኒ ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል፤ እንደገና ሲገባ ይሰነጠቃል። አዲሶቹ በንጹሕ ቤንዚን ወይም በቀጭን ዘይት ይርጠቡ፤ ግሪስ አይቀቡ። ኢንጀክተሩ ቦታው ከገባ በኋላ በእጅ ሲዞር መዞር አለበት። ካልዞረ ጎሚኒው ተጣሟል፤ አውጥቶ እንደገና ማስገባት ነው።

ተገጥሞ ሲያልቅ ወዲያው አታስነሱ። ግፊቱ እንዲሞላ ፖምፓውን ብቻ አሠሩት። በብዙ መኪኖች ቁልፉን ከፍቶ መዝጋት ይበቃል። የድሮ ቶዮታዎች ላይ ግን ፖምፓው ሞተሩ ካልዞረ አይሠራም፤ መካኒኩ በምርመራ ሳጥኗ ኤፍፒንና ፕላስ ቢን አገናኝቶ ያሠራዋል። በዚያ ሰዓት በባትሪ መብራት እያንዳንዱን ኢንጀክተር ላይና ታች እዩ፣ በጣት ዳስሱ፣ አሽቱ። ደረቅ ከሆነ አስነሱ። በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ ሲበርድ እንደገና ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩ። ሞቆ ሳለ የያዘ ጎሚኒ በርዶ ሊያፈስ ይችላል። ያን ጠዋት ደረቅ ካገኛችሁት ወደ ደንገጎ መውጣት ትችላላችሁ።